ከገጽ አርባ ስድስት በኋላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከስልኬ ጋር ነው የምውለው። ደብረ ታቦር፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ ጣቴን ወደ ላይ ስገፋ ቀኑ ይመሻል። የእህቴ ልጅ «ጋሼ መኪና ይወዱ የለ፣ ይኸውልዎት» ብሎ የመኪና ወዳጆች ከሚሰባሰቡበት የፌስቡክ ቡድን አስገባኝ። እውነቱን ነው፣ መኪና እወዳለሁ፤ መሪ ጨብጬ ግን አላውቅም። ታዲያ እዚያ ውስጥ የማየው ንባብ ያናድደኛል። አንዱ የሞተር ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌላው ጎማ፣ ሌላው ደግሞ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ምክር። ከሁለት መስመር በላይ የጻፈ ሰው «ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ማን ያነብልሃል?» ይባላል። ርእሱን ያያሉ፣ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ሼር! አንድ ቀን ቢብስብኝ «እናንተ ልጆች፣ እስኪያልቅ ብታነቡ ምን ትሆናላችሁ?» ብዬ ጻፍሁ። «ፋዘር ተረጋጋ» አለኝ አንዱ። ፋዘር ይበለኝ! መቼ ወለድሁት?

ባለፈው ሳምንት ከወደ ስማዳ የሆነ ልጅ «የፍሬን ዘይት ፈሰሰብኝ፣ እዚህ አይገኝም፣ ነገ ደግሞ ሰው መጫን አለብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ዘነበ። አንዱ እንዲህ አድርግ ይላል፣ ሌላው እንዲያ፤ ከመካከል አንዱ «አረቄ ጨምርበት ሃሃሃ» ብሏል። ከሥሩ የሳቀው ሰው ብዛት! እኔ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። የዳጉሳ አረቄ ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚሸት አንድ ሽታ አለ፣ የሚጣፍጥም የሚያቅለሸልሽም። ከስንት ዘመን በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረንዳዬ ድረስ መጣብኝ። ስልኩን መልሼ አነሳሁና ለልጁ «አቁማት። አትነቃነቅ። ዘይቱ እስኪመጣልህ አንድ ሰው እንዳትጭን» ብዬ ጻፍሁለት። «ለምን?» አለኝ። መልሱን ጀመርሁት፤ በሁለት መስመር አላልቅ አለኝ። ስለዚህ ይኸው ረጅሙን ጻፍሁት። እስኪያልቅ አንብቡት፤ ሌላ አልለምንም።

ያኔ አርብ ገበያ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሁ። ዓመቱን ተዉት፤ ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ መንግሥት ተለውጦ ሰው ገና ግራ ቀኙን እያየ የሚናገርበት ጊዜ ነበር። ዓርብ ዓርብ ገበሬው ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ባቄላውን በአህያ ጭኖ ይመጣል። ጫማ ያለው ኮንጎ ጫማውን ተጫምቶ ነው፤ ቆጣቢው ደግሞ ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ በእግሩ ይመጣና ገበያው ዳር ሲደርስ አጥልቆት ይገባል። እኛ መምህራን ያቺኑ አንድ የተተኮሰች ሱሪያችንን ከጭቃ ስናድን እንውላለን። በዚያ ጭቃ ውስጥ ንጉሡ ሹፌር ነበር። እኔ የማወራላችሁ ሹፌር ጋሻው ይባላል። ከነፋስ መውጫ አርብ ገበያ የምትመላለስ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ይነዳል፤ መልኳ እንደ ዳማ ፈረስ ቡኒ ስለሆነ «ዳማ» እንላታለን። ጋሻው ሲመጣ ካሴቱ ይቀድመዋል። ከላይ ከመታጠፊያው ጀምሮ የእስክስታው ዜማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። በበጋም በክረምትም ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ አንገቱ ላይ ቀይ መሐረብ፣ ጥርሱ ላይ መፋቂያ። ቀይ ነገር አያልፈውም ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ አሮጊት ቆማ ካየ ሳያሳፍር አያልፍም።

ሚስቱ ጥሩዬ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ገበያው ማዕዘን ላይ ሻይ ቤት ነበራት። ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ። ያ ቤት ነው የመጽሔት ቤታችን የሆነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለውሃ ጉድጓድ ሥራ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጋሻው አንድ ካርቶን ሙሉ የመኪና መጽሔት ትቶለት ሄደ። ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ ወረቀት። ስትገልጡት የራሱ ሽታ አለው፤ የቀለምና የጋዝ ነገር። ጋሻው ካርቶኑን ተሸክሞ ገባና አግዳሚው ላይ አስቀምጦ «በል እንግዲህ መምህር፣ አስተማሪ ከሆንህ አስተምረን» አለኝ። እኔስ ብትሉ! እዚያ አገር እንግሊዝኛ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ኩራቱ አይጣል ነው።

በዚያ ላይ መሪጌታ ፈንቴ መጡ። መሪጌታ የዜማ መምህራን ከሚመረቁበት ደብር፣ ከቤተ ልሔም ድረስ ሄደው ድጓ ያስመሰከሩ፣ የደብራችን መምህር ናቸው። ለመኪና ያላቸው ፍቅር ግን ለጉድ ነበር። አንድ ጊዜ በጭነት መኪና ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ነበርና፣ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር የሰሙትን ድምፅ እንደ ዜማ ያንቆረቁሩታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጡና ከእኔ አጠገብ ይቀመጣሉ። የንባቡን ሥርዓት ያወጡት እሳቸው ናቸው። «መጀመሪያ ንባቡ ይዝለቅ፣ ከዚያ ትርጓሜው» ይላሉ። ንባቡ ሳያልቅ ማንም አፉን አይከፍትም፤ ሻይ የሚጠጣም ቢሆን ፉት ማለቱን ያቆማል። እኔ አንዱን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ እየመለስሁ አነባለሁ፤ ሲያልቅ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይጀምራሉ፦ «ይህ ቱርቦ ያሉት ነፋስ የሚነፋበት ነው። አንድም ይህ ሞተር ትዕቢተኛ ሰውን ይመስላል፤ ሲነፉት ይሮጣል፣ ሲተዉት ይቆማል።» ሰው በሳቅ ይሞታል፤ ግን ማንም አይረሳውም። ቤተ ልሔም የድጓ መጽሐፋቸው ሲታረም አንዲት ምልክት ጎድላ በመገኘቷ እንዴት ወደ ኋላ እንደመለሷቸው ሁልጊዜ ያነሡ ነበር። «የጎደለ መጽሐፍ ካልተጻፈ መጽሐፍ ይብሳል» ይሉናል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ስንቱን መጽሔት እንዲያ አነበብነው! አንዱን ለሁለት ለሦስት ወር። የማንገዛው፣ የማናየው፣ አርብ ገበያ በሕልሟ የማትደርስበት መኪና የበሩን አከፋፈት ሳይቀር እናውቅ ነበር። ዛሬ ልጆቹ አንዱን ቪዲዮ እንኳ እያፈጠኑ ነው የሚያዩት፤ ሰውዬው ሲናገር እንደ ወፍ ይንጫጫል። ስቄባቸው ነበር። አሁን አልስቅም። መሳቅ የሚገባው ሰው እኔ እንዳልሆንሁ አውቃለሁና።

የተነበበ መጽሔት ዕጣው የጥሩዬ ግድግዳ ነበር። ጭቃ ቤት ነው፤ ዱቄት በፈላ ውሃ ታማስልና ቅጠሎቹን እየነቀለች ትለጥፋለች፣ ሥዕሉ ወደ ሰው፣ ጽሑፉ ወደ ግድግዳ። ከአግዳሚው ላይ ቁጭ ብላችሁ ቀና ስትሉ ዙሪያውን መኪና ነው። ደንቡ ያልተነበበውን እንዳትነካ ነበር። ታዲያ በአንድ የጥምቀት ዋዜማ ቤቱን ስታሳምር አንድ ቅጠል አነሳት፤ ገና ካላነበብነው መጽሔት ውስጥ አንድ ቀይ መኪና የያዘ ቅጠል ነቅላ ከመደርደሪያው በላይ ለጠፈችው። ጋሻው ሲያየው ደስ ብሎት ጮኸ። ማንም ምንም አላላትም። እኔም አላልሁም፤ አንዲት ቅጠል ምን ትሆናለች ብዬ።

ከጥምቀት በኋላ ያው መጽሔት ተራው ደረሰ። እሑድ ነው፣ ቤቱ ሞልቷል። አንባቢዎች ለመጽሔቱ የሚልኩት የደብዳቤ ዓምድ ነበረው፤ ጋሻው ከሁሉ እሱን ይወዳል፤ የሰው ጉዞ ነዋ። በዚያን ቀኑ ደብዳቤ አንድ ፈረንጅ ከወንድሙ ጋር በረሃ ሲያቋርጥ የፍሬን ዘይቱ ፈስሶ አለቀበት። ከተማ የለ፣ ሰው የለ። በመኪናው ውስጥ የነበረው አንድ ጠርሙስ ጠንካራ መጠጥ ነበር፤ ቢቸግረው እሱን በዘይቱ ፈንታ ጨመረበት። ፍሬኑ ያዘ። ጉዟቸውን ቀጠሉ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ «እሰይ!» ሊል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ፣ ገና አልዘለቀምና። የገጽ አርባ ስድስት የመጨረሻ ቃል «ነገር ግን» ነበር። ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍሁ። አርባ ዘጠኝ ይላል፤ ስለ ጎማ የሚያወራ ሌላ ነገር። አርባ ሰባትና አርባ ስምንት የሉም። ቀና ስል ከመደርደሪያው በላይ ቀዩ መኪና ያየኛል።

በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰብሁ ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ መሰላችሁ። ምንም ትልቅ ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ አፌን እያየ ነው። «ቅጠሉ ግድግዳው ላይ ነው፣ አላውቅም» ብል ጨዋታው ይበላሻል፤ ጥሩዬ ታፍራለች፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅም ያልሁ አስተማሪ እሆናለሁ። ይኸው ነው። ዓይኔን ከመጽሔቱ ሳልነቅል፣ እንደሚያነብ ሰው ሆኜ፣ «ነገር ግን የፈራነው ሳይደርስ በሰላም ቤታችን ገባን» አልሁ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። መሪጌታ ግን አላጨበጨቡም። አንገታቸውን አስግገው መጽሔቱን አዩና፦

«መምህር፣ ገጹ አልጎደለም?»

«ሙሉ ነው መሪጌታ።»

«ዘልቋል?»

«ዘልቋል።»

«እንግዲያስ» አሉና ትርጓሜያቸውን ጀመሩ። ያን ቀን «አንድም» ብለው ምን እንዳሉ አላስታውስም።

ወራት አለፉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ዳማን ሻይ ቤቱ ፊት ቆማ አገኘኋት። ጋሻው ከሥሯ ተኝቷል፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። የፍሬኗ ቧንቧ ተሰንጥቆ ዘይቱ መሬት ላይ ፈሷል። ቧንቧውን በሚያውቀው መንገድ ጠገነው፤ ዘይቱ ግን ከደብረ ታቦር ካልመጣ የለም፤ የላከው ሰው ደግሞ ሰኞ ነው የሚመለሰው። ዓርብ የገበያ ቀን ነው፤ ነፋስ መውጫ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ጋሻው ከሥር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ አለ።

«ጥሩዬ! ያቺን ሁለቴ የወጣችውን ዳግም አረቄ አምጫት።»

«በጠዋቱ ልትጠጣ ነው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ዳማ ናት የምትጠጣው!» ብሎ ሳቀ። «ተጽፎ የለም እንዴ! ፈረንጁ በረሃ አቋርጦበታል። እንዴት ነበር መምህር? በሰላም ቤታችን ገባን ነው ያለው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጣ። ግን አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ዋሽቼህ ነበር» ልለው? ደግሞ ማን ያውቃል፣ ምናልባት ሰውዬው እውነትም በሰላም ገብቶ ይሆናል፤ ግማሽ ግማሹን ራሴ አምኜው ነበር። ውሸት ሲቆይ የገዛ ባለቤቱን ያታልላል። «እንዲያ ነው» አልሁት። አረቄው ተንቆረቆረ። ፔዳሉን ረገጠው፣ ረገጠው፣ ያዘ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ዳማ ሰከረች እያለ ይስቃል። ዳገቱን ወጥታ ነፋስ መውጫ በደህና ገባች።

ሐሙስ ከሰዓት ተመልሳ መጣች። ሰው አልነበረባትም፣ ዝናብም ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው። ጋሻው ሲወርድ ክንዱን ዘርግቶ አቀፈኝ። «መምህር፣ ያነበብህልኝ ነገር ባይኖር ዛሬ ቆሜ ነበር፤ ትልቅ ሰው ነህ» አለኝ። ከጎማዎቿ ያ ሽታ ይወጣል። ሕፃናቱ አፍንጫቸውን ይዘው ይስቃሉ። ጋሻው ሻዩን ጠጥቶ፣ የሦስት ዓመት ልጁን ምንታምርን ወደ ላይ ወርውሮ ቀልቧት፣ ነገ በጠዋት ሰው ጭኖ እንዲወርድ ሲል ወደ ነፋስ መውጫ ተመለሰ። ካሴቱ እስኪጠፋ ሰማሁት።

እኔ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቀረሁ። ተነሥቼ ከመደርደሪያው ፊት ቆምሁ። የቀዩ መኪና ሥዕል ታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ ቁጥር አለች፤ አርባ ስምንት። ከጀርባው አርባ ሰባት ነው፤ ደብዳቤው የሚያልቅበት። በእኔና በእሱ መካከል የአንዲት ወረቀት ውፍረት ብቻ! ጥፍሬን ከጥጉ ሥር ሰደድሁ። ዱቄቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ትንሽ ብቻ ተነሣ፤ የጥፍር ያህል።

«ኧረ መምህር!» አለች ጥሩዬ ከኋላዬ። «ምነው ልጅ ሆኑ እንዴ? አይላጡብኝ እንጂ፣ ጋሻው ይቀየመኛል።»

እጄን መለስሁ። «ይቅርታ፣ ተላጦ አይቼው ልመልሰው ብዬ ነው» አልኋት። ይኸውላችሁ፣ ሁለተኛው ውሸት። ሂሳቤን ሰጥቼ ወጣሁ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ነገ ፀሐይ ነው ይባባል ነበር።

ዓርብ እውነትም ፀሐይ ሆነ። ገበያው ከጧቱ ሞላ። እኔ ትምህርት ቤት አልሄድሁም፤ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ክላክሱ ተሰማ። ጋሻው ሲወርድ ክላክስ መንፋት ልማዱ ነው፤ ገበያተኛው ቀና ብሎ ሳቀ፣ አንዳንዱም እልል አለ። እኔ ግን ካሴቱን ጠበቅሁ። ካሴቱ የለም። ክላክሱ ደግሞ አይቋረጥም። አንድ ጊዜ ተጫነው፣ አልለቀቀውም። ከላይኛው መታጠፊያ ዳማ ብቅ ስትል አየኋት፤ እንዲህ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ሰው በመስኮት እጁን ያወጣል። ያኔ ነው እልልታው ወደ ጩኸት የተለወጠው። ቀጥ ብላ ብትመጣ ገበያው መሃል ነበር የምትገባ፤ ሰው፣ አህያ፣ እህል፣ ሕፃናት። ጋሻው መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። በግራ በኩል ገደል ነው። ክላክሱ ገደሉ ውስጥም ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ስንት ሰው እንደሞተ አልጽፍም። የሞቱባቸው ሰዎች ያውቁታል። ጋሻውን ሲያወጡት ቀዩ መሐረብ አንገቱ ላይ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ያ ሽታ ተነሥቶ ነበር፤ ዝናብ እስኪያጥበው ሦስት ቀን ቆየ። የመጡት ፖሊሶች ፍሬን እምቢ ብሏት ነው ብለው ጽፈው ሄዱ፤ አውቶቡሷም አሮጌ ናት፤ ማንም ሌላ አልጠየቀም። ጥሩዬ ለቅሶ ላይ ለሚመጣው ሁሉ «ቀኑ ነው፤ መጽሔቱ እንኳ ያድናል ብሎ ነበር፣ መምህር ሙሉውን አንብበውልናል፤ ቀኑ ሲደርስ ምን ይደረጋል» ትል ነበር። እኔን ለመከላከል! እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ እሰማታለሁ። መሪጌታ ፍትሐቱን ፈትተው ሲወጡ በር ላይ ያዙኝ።

«መምህር፣ ያ ንባብ ዘልቆ ነበር?»

«ዘልቋል ብዬዎት የለም መሪጌታ?»

«እግዚአብሔር ይወቅ» ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱን ረግጠውት አያውቁም። እኔም ለማንም አላነበብሁም። ካርቶኑን ጥሩዬ ለእሳት ማቀጣጠያ ጨረሰችው። ግድግዳው ብቻ ቀረ።

ከዚያስ? ከዚያማ ኖርሁ። ሰው ይኖራል። ምንታምርን እንደ ልጄ አሳደግኋት ማለት ይቻላል፤ ደብተሯን እኔ፣ ጫማዋን እኔ፣ እንግሊዝኛዋን በተለይ እኔ። «አባባ» ነው የምትለኝ። በትምህርት እንደ እሷ ያለ አላየሁም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ስሰጣት እስከ ነጥቡ ሳትደርስ አትተረጉምም ነበር። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ መሪጌታ ያሳደጓት ትመስላለች። ሰው «መምህር ደግ ነው» ይላል። እኔ ደግነት አልነበረም የያዘኝ። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች። እኔ ጡረታ ወጥቼ ደብረ ታቦር ገባሁ። መሪጌታ ዐረፉ። አርብ ገበያ መብራት ገባ፣ ስልክ ገባ፣ ልጁ ሁሉ ኪሱ ውስጥ የዓለምን መጽሔት ሁሉ ይዞ መዞር ጀመረ። ማታ መብራቱ ሳይጠፋ እያሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ይገፋሉ። እንደ እኔ።

ካቻምና በግንቦት ምንታምር ደወለች። «አባባ፣ የእማን ቤት አፍርሰን በብሎኬት ልንሠራላት ነው። ክረምቱ ግድግዳውን አርሶታል። ሳይፈርስ አንድ ጊዜ ይዩት፤ የእርስዎም ቤት ነው።» እምቢ ማለት ፈለግሁ፤ አፌ እሺ አለ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ጥሩዬ አርጅታ፣ ዓይኗም ደክሞ፣ ያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ግማሹ ግድግዳ ፈርሷል። ከመደርደሪያው በላይ ቀዩ መኪና ደብዝዟል፣ ዝንብ ጥሎበታል፤ ግን አለ። የአንድ ጥፍር ያህል የተነሣችው ጥጉም አለች። ምንታምር በእርጥብ ጨርቅ ዳር ዳሩን እያራሰች፣ ቀስ አድርጋ፣ ሙሉውን አነሣችው። «ለአባዬ ማስታወሻ ይሁነኝ፣ እማ ሁልጊዜ ስለዚህ ቀይ መኪና ታወራለች» እያለች ነው። ገለበጠችው። ጽሑፉ የዱቄት ነጭ ይዞታል፤ ይነበባል ግን።

«ጀርባው ምን ይላል?» አለች ጥሩዬ። «መምህር፣ እስቲ እንደ ድሮው ያንብቡልን።»

መነጽሬን አወጣሁ። ገጽ አርባ ሰባት፣ ከላይ፦ «ነገር ግን ገና የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ጋለ፣ መጠጡ በቧንቧው ውስጥ ፈላ፣ ፔዳሉ ባዶውን ወለሉን ነካ። ወንድሜን እዚያ ቀበርሁት። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ማንም ሰው እኔ ያደረግሁትን እንዳያደርግ ነው።»

ሁለት ጊዜ በልቤ አነበብሁት። ከዚያ «የሰዓት ማስታወቂያ ነው» አልሁ።

ጥሩዬ ራሷን ነቀነቀች። ምንታምር ግን እጇን ዘረጋች። «እስቲ» አለችና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ያስተማርኋትን ያህል አነበበችው፤ ሳትቸኩል፣ ከላይ ጀምራ፣ እስከ ነጥቡ። ከንፈሯ ሲነጣ አየሁ። እናቷ ያን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳወራችላት አውቃለሁ፤ «ሙሉውን አንብበውልናል» የሚለውን ጭምር። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ወረቀቱ የነበረበትን ቦታ አየች፣ ከዚያ አግዳሚውን፣ ከዚያ እኔን። ከአግዳሚው እስከዚያ ሦስት እርምጃ ነው።

«እውነት ነው ወይ ምንታምር?» አለች ጥሩዬ። «ማስታወቂያ ነው?»

«አዎ እማ» አለች። ድምጿ አልተሰበረም። «የሰዓት ማስታወቂያ ነው።»

«እኔማ ቀይ ስለሆነ ነው የለጠፍሁት። ጋሻው ቀይ ይወዳል።»

ጥሩዬ በዚህ ዓመት ለፍልሰታ ጾም መግቢያ ዐረፈች። ሳታውቅ ነው የሄደችው፤ ለዚህ ነው ዛሬ መጻፍ የቻልሁት። ስለ እሷ ስል እንጂ ስለ እኔ ስል እንዳልሆነ እግዜር ይመስክር፤ ወይም አይመስክር፣ እኔ ምስክር መጥራት የማልችል ሰው ነኝ።

ያን ቀን ምንታምር ወረቀቱን አራት አድርጋ አጠፈችው። ለአባቷ ማስታወሻ ያለችውን ወረቀት። አጠገቤ መጥታ በኮቴ የደረት ኪስ ውስጥ አስገባችውና፣ እንዳይወድቅ ይመስል፣ በመዳፏ ጫን አደረገችው። ፊቴን አላየችም።

«እንዳይመሽብዎት ይነሡ፣ መምህር» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አባባ ነበር የምትለኝ።